ኃላፊና ሠራተኛ፦ ጠንካራ የሥራ ግንኙነት እንዴት ይገነባል?





ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ በሥራ ቦታ በኃላፊና በሠራተኛ መካከል ሊኖር የሚገባውን ጠንካራ ግንኙነት የሚመለከት ነው። ርዕሱ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሥራ አስኪያጆች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለት ሻጮች ቀጥሮ ሱቅ የሚያስተዳድር ነጋዴ፣ መምህራንን የምትመራ ርዕሰ መምህርት፣ በጋራዡ ረዳቶች ያሉት መካኒክ፣ በቤቷ ሠራተኛ ያላት እናት ሁሉም ኃላፊዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ፊታቸውን አይቶ የሚናገር፣ ፊታቸውንም አይቶ ዝም የሚል ሰው በሥራቸው አላቸው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ዘወትር የምንሰማው ምክር «ከሠራተኛህ ጋር ተግባባ፣ በደስታውም በሐዘኑም አትለየው» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ አንቃወመውም። ዳሩ ግን መግባባት ብቻውን የግንኙነትን ጥንካሬ አያሳይም። አብረው ቡና የሚጠጡ፣ በበዓል ቀን የሚጠያየቁ፣ ነገር ግን አንዱ ለሌላው እውነቱን የማይነግሩ ብዙ ባልደረቦች አሉ። እኛ ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የአንድ የሥራ ቡድን ግንኙነት የሚለካው በሳቁና በጨዋታው ብዛት ሳይሆን፣ መጥፎ ዜና ወደ ኃላፊው ጆሮ በሚደርስበት ፍጥነት መሆኑን ነው።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚልም አለ። እነዚህ አባባሎች ሰው ከበላዩ ጋር ተጋጭቶ እንዳይጎዳ ለመምከር የተነገሩ ናቸው። በሥራ ቦታ ግን ዝምታ ይነቅዛል። መንቀዙ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ለዚህ አንድ የታወቀ ማስረጃ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ግዛት፣ በካናሪ ደሴቶች ውስጥ በምትገኘው በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ግዙፍ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጩ። አንደኛው የሆላንዱ የኬኤልኤም፣ ሁለተኛው የአሜሪካው የፓን አሜሪካን አየር መንገድ ነበር። የ583 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ በአንድ ድንገተኛ አደጋ ይህን ያህል ሰው ያለቀበት ጊዜ የለም።

የአደጋው ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ማረፊያውን ጉም ሸፍኖት ነበር፤ የሬዲዮ መልእክቶችም እርስ በርስ ተደራርበው በሚገባ አልተሰሙም። ይሁን እንጂ ከምርመራው ውጤት ውስጥ ለርዕሳችን የሚሆን ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። የኬኤልኤሙ አውሮፕላን ለመነሳት መንደርደር በጀመረበት ቅጽበት የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር አጠራጠረው። ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ገና አልወጣ ይሆን ወይ ሲል ጠየቀ። ዋናው አብራሪ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት። መሐንዲሱ ከዚያ በላይ አልገፋበትም። ጥቂት ሰኮንዶች እንዳለፉ አውሮፕላኖቹ ተላተሙ።

ዋናው አብራሪ በአየር መንገዱ ውስጥ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን፣ በሙያው የተከበረ ሰው ነበር። ልምዱና ችሎታው አላነሰውም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ጊዜ «አዎ» ካለ በኋላ መልሶ መጠየቅ ለበታቹ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትክክለኛው ጥርጣሬ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበረ፤ በአንደበትም ተነግሯል፤ ግን ውሳኔውን ሊያስቀይር አልቻለም።

ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ባዘጋጀው ዐውደ ጥናት የበረራ ቡድኖች የእርስ በርስ ግንኙነት በሰፊው ተመከረበት። ከዚያ ወዲህም አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን በዚሁ ጉዳይ ማሠልጠን ጀመሩ። ሥልጠናው ሁለት ወገን አለው። የበታቹን «ያየኸውን በግልጽ ተናገር፤ ካልተሰማህም ድገመው» ይለዋል። የበላዩን ደግሞ «ጠይቅ፣ አዳምጥ፣ የሚነግርህን ሰው አታሸማቅቅ» ይለዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

«እኛ አውሮፕላን አናበርርም» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። በሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወጣት በመደርደሪያው ላይ ያለው የሕፃናት ወተት ጊዜው ማለፉን ያያል፤ ባለፈው ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ሲናገር ስለ ተሰደበ ዝም ይላል። የሂሳብ ሠራተኛዋ የተፈረመው ደብዳቤ ላይ ያለው ድምር እንደማይገጥም ታያለች፤ «አለቃዬን አሳፈርኩት» እንዳይባልባት ትፈራለች። በበጎ አድራጎት ሥራም ቢሆን የአንድ ሕፃን ስም ከተረጂዎች ዝርዝር መዝለሉን ያየ ጸሐፊ ተቆጥቶ ሊመልሰው የሚችል ኃላፊ ካለው፣ ያ ሕፃን የወሩን ድጋፍ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

በመኖሪያ ቤታችን ያለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ሕፃኑን ስትጠብቅ ከአልጋ የወደቀባት የቤት ሠራተኛ መባረርን ፈርታ ብትደብቅ፣ እናት ማታ ልጇ ሲያስመልሰው ባየች ጊዜ ምግብ ተስማምቶት እንዳልዋለ ብቻ ታስባለች። ሐኪም ቤት መወሰድ የሚገባው ልጅ እቤት ያድራል። ልጅቱ እውነቱን በዚያች ሰዓት እንድትናገር የሚያደርጋት በዚያች ሰዓት የሚሰጣት ማስፈራሪያ አይደለም። ከወራት በፊት ብርጭቆ በሰበረች ጊዜ ያገኘችው መልስ ነው።

አንድ ፋብሪካ ያስተማረው ትምህርት

ግንኙነት አንዴ ከተበላሸ ሊጠገን አይችልም የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አለመሆኑን የሚያሳይ ታሪክ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ ተፈጽሟል። በዚያ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበረው። በፋብሪካው ውስጥ ኃላፊና ሠራተኛ እንደ ባላንጣ ይተያዩ ነበር። ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛ ከ20 በመቶ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር፤ አድማና ክስ የዘወትር ነገር ነበር፤ የመኪናውም ጥራት ዝቅተኛ ነበር። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1982 ፋብሪካው ተዘጋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ጄኔራል ሞተርስና የጃፓኑ ቶዮታ በሽርክና ያንኑ ፋብሪካ ከፈቱት። ስሙ ኑሚ ተባለ፤ የዕለት ተዕለት አስተዳደሩም በቶዮታ እጅ ሆነ። ከተቀጠሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ በቀድሞው ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ናቸው። የሠራተኛ ማኅበሩም ያው የቀድሞው ነበር። ሆኖም እስከ 1986 መጨረሻ ድረስ ምርታማነቱ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ከሥራ የሚቀረውም ሰው ወደ 3 እና 4 በመቶ ወረደ። ሰዎቹ እነዚያው ሆነው ሳለ ውጤቱ ተለወጠ።

ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ለርዕሳችን የሚስማማው ግን አንድ ገመድ ነው። በቀድሞው አሠራር የመገጣጠሚያው መስመር በምንም ምክንያት እንዲቆም አይፈለግም ነበር። ጉድለት ያለበት መኪና በሠራተኛው ፊት ሲያልፍ እያየ ዝም ይላል፤ በኋላ ይጠገናል ተብሎ ይታለፋል። በአዲሱ አሠራር በመስመሩ አጠገብ ገመድ ተዘረጋ። ጃፓኖች ይህን አሠራር አንዶን ይሉታል። ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ባየ ጊዜ ገመዱን ይስባል። የቡድኑ መሪ ወዲያው ደርሶ ይረዳዋል፤ ችግሩ በአጭር ጊዜ ካልተፈታ መስመሩ እንዲቆም ይደረጋል።

ልብ እንበል! ገመድ ርካሽ ነገር ነው፤ ማንም ፋብሪካ ሊዘረጋው ይችላል። ዋጋ ያለው ገመዱን የሳበው ሠራተኛ የሚያገኘው ፊት ነው። ስቦ ቁጣ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይስበውም፤ ገመዱም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስቦ «ምን አጋጠመህ? በምን እንርዳህ?» የተባለ ግን ነገም ይስበዋል።

አስተዳደሩ ይህንን በቃል ብቻ አላቆመውም። ኃላፊዎችና ሠራተኞች በአንድ የምግብ አዳራሽ ይመገቡ ነበር፤ ለአለቆች ብቻ የተከለለ የመኪና ማቆሚያም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያው ቀዝቅዞ ሥራ ባነሰ ጊዜ ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ወደ ሥልጠናና ወደ አሠራር ማሻሻያ መደባቸው። ሠራተኛው አሠራርን የሚያሻሽል ሐሳብ ቢያቀርብ «የራሴን እንጀራ እዘጋለሁ» ብሎ እንዳይፈራ ያደረገው ይህ ነው። ፋብሪካው በሽርክናው መፍረስ ምክንያት በ2010 ተዘግቶ ሕንፃው ወደ ቴስላ ተላልፏል። ትምህርቱ ግን ቀርቷል።

ብዙ ስሕተት የተነገረበት ክፍል

አንድ ኃላፊ «እኔ ዘንድ ምንም ችግር የለም፤ ማንም ቅሬታ አቅርቦልኝ አያውቅም» ቢል ደስ ሊለው ይገባልን? በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ኤሚ ኤድሞንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በሁለት ሆስፒታሎች የሚገኙ ስምንት የሕክምና ክፍሎችን ይዛ ከመድኃኒት አሰጣጥ ጋር የተያያዙ ስሕተቶችን መረመረች። እርስ በርስ በሚገባ የሚተጋገዙ ቡድኖች ጥቂት ስሕተት ይኖራቸዋል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነበር፤ ጥሩ ግንኙነትና ጥሩ መሪ ያላቸው ክፍሎች ብዙ ስሕተት መዝግበው ተገኙ።

ምክንያቱ ሲጣራ እነዚህ ክፍሎች ይበልጥ የሚሳሳቱ ሆነው አልነበረም። ስሕተታቸውን ሳይፈሩ የሚናገሩ ስለሆኑ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ስሕተቱ ነበረ፤ ግን ተሸፍኗል። የተነገረ ስሕተት ለሚቀጥለው በሽተኛ ጥንቃቄ ይሆናል፤ የተሸፈነው ግን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ቅሬታ የማይሰማበት ቢሮ ሰላም የሰፈነበት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ምናልባት ፍርሃት የሰፈነበት ሊሆን ይችላል።

ከሲራ የምናገኘው

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሲራ መጻሕፍት እንደ ተዘገበው፣ በበድር ዘመቻ ጊዜ አል-ሑባብ ኢብኑ አል-ሙንዚር የተባሉት ሶሓባ የጦሩን ማረፊያ በሚመለከት የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። አስቀድመው ቦታው በወሕይ የተመረጠ እንደሆነ ወይም የጦር ስልት ውሳኔ እንደሆነ ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። በወሕይ አለመሆኑን ሲረዱ ወደ ውኃው ጉድጓድ መጠጋት እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳባቸውም ተቀባይነት አገኘ። በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና በተከበበች ጊዜም ምሽግ የመቆፈሩን ሐሳብ ያቀረቡት ከፋርስ የመጡት ሰልማን ነበሩ። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳቡን ተቀብለው ከሶሓቦቻቸው ጋር አብረው ቆፍረዋል። ሹራ ማለት ይህ ነው። አል-ሑባብ ያስቀደሙት ጥያቄም ሥርዓትን ያስተምረናል፤ ሐሳብን መግለጽና አክብሮት አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ኃላፊው ምን ያድርግ?

ከዚህ በመነሳት በየሥራ ቦታችን ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች እናቅርብ።

1ኛ. መጥፎ ዜና ሲነገር የመጀመሪያው መልስ ይታረም። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ከማለት በፊት «ስለ ነገርኸኝ አመሰግናለሁ፤ ምን ተፈጠረ?» ማለት ይቻላል። ኃላፊው በዚያች ደቂቃ የሚያሳየውን ፊት በክፍሉ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ይመለከቱታል፤ ለወደፊቱም መናገር ወይም ዝም ማለት እንደሚሻላቸው የሚወስኑት በዚያው ነው።

2ኛ. ኃላፊው በመጨረሻ ይናገር። በስብሰባ ላይ የበላዩ አስቀድሞ ሐሳቡን ከሰጠ ሌላው የሚጨምረው «ልክ ነው» ብቻ ይሆናል። ከአነስተኛው የሥራ መደብ ጀምሮ በስም እየጠሩ መጠየቅ፣ በሰው ፊት መናገር የሚከብደውንም ለብቻው ማነጋገር ያስፈልጋል። «አስተያየት ያለው?» ብሎ አዳራሹን መቃኘት መጠየቅ አይባልም። «በዚህ ዕቅድ ውስጥ የሚያሰጋህ ምንድን ነው?» ማለት ነው መጠየቅ።

3ኛ. ጆሮ ጠቢ አያስፈልግም። አንዳንድ ኃላፊ በግልጽ የማይነገረውን ለማወቅ ወሬ የሚያመላልስለት ሰው ያዘጋጃል። በዚህም ለጥቂት ጊዜ ብዙ ነገር የሚያውቅ ይመስለዋል። ነገር ግን ሠራተኞቹ እርስ በርስ መተማመናቸውን ያጣሉ፤ ወሬ አቀባዩም ቀስ በቀስ የራሱን ቂም መወጣት ይጀምራል። ስለ ሌላ ሰው ሊያማ የመጣን ሠራተኛ «እርሱ ባለበት እንነጋገርበት» ብሎ መመለስ ለቡድኑ ትልቅ ውለታ ነው።

4ኛ. ተግሣጽ በግል፣ ምስጋና በአደባባይ ይሁን። በሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ የሚያስታውሰው ውርደቱን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። ሠራተኛው ያመነጨውንም ሐሳብ ኃላፊው ወደ በላይ ሲያቀርብ የባለቤቱን ስም ሊጠቅስ ይገባል።

5ኛ. ሚዛኑ አንድ ይሁን። ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ዕድገትና ሥልጠና በዝምድናና በአገር ልጅነት የሚሰጥ ከሆነ፣ በሐዘን ቀን ድንኳን ድረስ ሄዶ ማጽናናት እንኳ የሻከረውን ልብ አያለሰልስም። መስፈርቱ አስቀድሞ ይነገር፤ ለሁሉም እኩል ይሥራ።

ይህ ማለት ቸልተኝነት አይደለም

አንዳንዶች «ሠራተኛ ካልፈራ አይሠራም፤ ይህ ሁሉ ልስላሴ ወደ ሥርዓተ አልበኝነት ይወስዳል» ሲሉ እንሰማለን። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ወሰኑን እናስቀምጥ። ሳያውቅ የተሳሳተና ስሕተቱን ራሱ የተናገረ ሰው አለ። ደጋግሞ የተነገረውን ቸል ያለ ሰው አለ። አውቆ የሰረቀ ወይም አደራ የበላ ደግሞ አለ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይደለም። የመጀመሪያው ሊማርና ሊታገዝ፣ ሁለተኛው ሊገሠጽና ሊጠየቅ፣ ሦስተኛው በሕግ ሊዳኝ ይገባል። ሁሉንም ይቅር የሚል ኃላፊ ታማኞቹን ይበድላል። ሁሉንም በእኩል የሚቀጣ ደግሞ እውነት የሚናገረውን ሰው መደበቅን ያስተምረዋል።

ሠራተኛውም ድርሻ አለበት። ያየውን ችግር በጊዜው፣ በጨዋ ቃል፣ ለሚመለከተው ሰው መናገር ከተቀበለው አማና ውስጥ ነው። ለኃላፊው ያልነገረውን በሻይ ቤት የሚያወራ ሰው ችግሩን አላቃለለም፤ ሐሜት ጨመረበት እንጂ። ነገር ግን መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት ኃላፊው ነው፤ በመናገሩ የሚጎዳው ሠራተኛው ነውና። በሩን መክፈት ቁልፉን የያዘው ሰው ሥራ ነው።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፦

ወደየሥራችንና ወደየቤታችን ስንመለስ አንድ ቀላል መመዘኛ ይዘን እንሂድ። በሥራችን ያሉ ሰዎች ለመጨረሻ ጊዜ የማንወደውን ነገር የነገሩን መቼ ነው? በዚህ ሳምንት ከሆነ አላህን እናመስግን፤ የነገረንንም ሰው እናመስግን። ወራት ካለፉ ግን ስሕተት የጠፋው ከሥራው ነው ወይስ ከጆሯችን የሚለውን ልንመረምር ይገባል። ምርመራውም በዝቅተኛው መደብ ላይ ያለውን ሰው ቁጭ አድርጎ በመጠየቅ፣ የሚመልሰውንም ሳያቋርጡ በማዳመጥ ይጀመራል።

አላህ በሥራችን ያሉትን ሰዎች ሐቅ የምንጠብቅ፣ እውነትን የምንሰማና የምንናገር ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።